ፀሐይ የማትጠልቅበት ደቦ

ደብዳቤው

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የ29 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከጓደኞቼ ጋር አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄ ይልኩልናል፤ እንመልሳለን። ዛሬ አባላቱ 11 ሺህ አልፈዋል። ችግሬ መላሾቹ ናቸው። በነጻ የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ አንድ ሰሞን 16 ደርሰው ነበር። አሁን ከእኔ ጋር 4 ነን። አዲስ ሰው አስገባለሁ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ይጠፋል። አንዳንዱ ‹ሥራ በዛብኝ› ይላል፤ አብዛኛው ምንም ሳይል ሌፍት ይላል። የዛሬ ልጆች ደግሞ ትችት አይችሉም። አንዲት ጎበዝ መላሽ ነበረችን፤ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ላይ የምልክት ስህተት ሠራች። ‹መላሾች፣ ከመመለሳችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ተማሪ አታሳስቱ› ብዬ ግሩፑ ላይ ብጽፍ በሳምንቱ ወጣች። እኔ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ለዳታ መሸፈኛ አልፎ አልፎ የማስጠኛ ቤቶችን ማስታወቂያ ከመለጠፍ በቀር የማገኘው ጥቅም የለም። በቅርቡ አንድ በአካል የማላውቀው ልጅ መጥቶ ሌት ተቀን እየረዳኝ ነው፤ ሙሉ አድሚን አድርገኝ ይለኛል። ሰው እንዲህ ውለታ ቢስ የሆነው ለምንድን ነው? ክፍያ ልጀምርላቸው? ወይስ ዘግቼው ልረፍ? የደከመው አስተባባሪ»

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አዘንኩልህ። በሁለተኛው ትንሽ ተናደድኩብህ። መልሴ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ ቻለው።

እኔም ወጥቼ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ አማርኛ በሚመልስ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ማታ ከሥራ ስመለስ አሥርም ሃያም ቃል እተረጉማለሁ። በአንድ ቃል ላይ ሦስት ቀን ተከራክረን እናውቃለን፤ ‹ሰርዝ› ይሁን ወይስ ‹ተው›? ደስ የሚል ክርክር ነበር። አንድ ጠዋት ስገባ ‹ሰርዝ› የነበረው ሁሉ ‹ይቅር› ሆኖ ጠበቀኝ። የቀየረው ሰው ስም አለ። ለምን እንደቀየረው ግን አንዲት መስመር የለችም። እውነቱን ልንገርህና አሁን ሳስበው ‹ይቅር› ሳይሻል አይቀርም። የከፋኝ ቃሉ አልነበረም። ያን ሁሉ ማታ የሠራሁትን ሰው ሲያነሳው እንኳ «እንዲህ ብናደርገው ምን ይመስልሻል?» ያለኝ አለመኖሩ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ስሜ ዝርዝሩ ላይ ነበር፤ እኔ ግን አልነበርኩም። አስተባባሪው «ምነው ጠፋሽ?» ብሎ ሲጽፍልኝ ምን አልኩት መሰለህ? ሥራ በዛብኝ።

ሥራ አልበዛብኝም ነበር።

እኛ ዘንድ «ሥራ በዛብኝ» በሩን ሳይወረውሩ የሚወጡበት ቃል ነው። ይሉኝታ አለ። በነጻ ለሠራበት ቦታ «ከፋኝ» ብሎ መጻፍ ለብዙ ሰው ገንዘብ ከመጠየቅ ይከብደዋል። ስለዚህ የሰጡህን ምክንያት ሰብስበህ ብትደምረው ምንም አታገኝበትም። ይልቅ ወደ ኋላ ሄደህ እያንዳንዱ መላሽ መልስ መቀነስ የጀመረበትን ሳምንት ፈልግ። ቴሌግራም ሁሉንም ያስቀምጥልሃል። በቀን አምስት ይመልስ የነበረው ልጅ ወደ አንድ የወረደው መቼ ነው? በዚያ ሳምንት ግሩፑ ላይ ምን ተፈጠረ? ሌፍት ያለበት ቀን የቀብሩ ቀን ነው፤ በሽታው የጀመረው ቀደም ብሎ ነው።

የልጅቷን በሽታ ግን መፈለግ አያስፈልግም፤ ራስህ ጽፈህልኛል። በሳምንቱ ወጣች ትላለህ። በሳምንቱ አልወጣችም፣ ያን መልእክት በላክህበት ሰዓት ነው የወጣችው።

እስቲ በእሷ ቦታ ሁንና ስልኩን ያዝ። አንዲት የመቀነስ ምልክት ዘለልሽ። ከፊዚክስ አስተማሪዎችም ያልዘለለ የለም። ከላይ የአንቺ መልስ አለ፣ ከሥሩ የዋናው አድሚን ማስጠንቀቂያ፣ በመሃል 11 ሺህ ሰው። ስም አልጠራህም፤ «መላሾች» ነው ያልከው። ይሄ ጨዋነት መስሎህ ይሆናል፤ ብዙዎቻችን እንደዚያ ይመስለናል። ስም ሳይጠሩ ሰው ፊት መናገር ግን የታወቀ ስም አለው፤ አሽሙር ነው። አሽሙር ደግሞ ከግልጽ ወቀሳ ይብሳል፤ ምክንያቱም መልስ መስጫ የለውም። «እኔን ነው?» ብትል ራሷን አጋለጠች። ዝም ብትል ዋጠችው። ስሟን ጠርተህ «ምልክቷን እይልኝ» ብትላት እኮ «ውይ፣ ይቅርታ» ብላ አስተካክላ ታልፍ ነበር።

ሁለተኛ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅቷ በጠቅላላ ስንት ጥያቄ መለሰች? መቶ? አምስት መቶ? ደብዳቤህ ላይ የተጻፈችው የተሳሳተችው አንዷ ብቻ ናት። «ጎበዝ ነበረች» ብለሃል፣ ለእኔ። ለእሷ ብለሃት ታውቃለህ?

ይሄ የአንተ ግሩፕ ብቻ በሽታ እንዳይመስልህ። ውክፔዲያን ታውቀዋለህ፤ በዓለም ላይ በነጻ ከሚሠሩ ሰዎች ሥራ ከሱ የሚተልቅ ማግኘት ይቸግራል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2007 በወር ቢያንስ አምስት ጊዜ ገብተው የሚጽፉና የሚያርሙ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩት። ከዚያ ቁልቁል ወረደ፤ በ2013 ወደ 30 ሺህ አካባቢ ደርሶ ነበር። አንባቢው እየጨመረ ነበር፤ ጸሐፊው ግን ይቀንስ ነበር። ልክ እንደ አንተ ግሩፕ። አሮን ሃልፌከር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ነገሩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጽሑፍ አለ። ዋናው ችግር አዲስ ሰው መምጣት ማቆሙ አልነበረም። የመጣው አለመቆየቱ ነው። ለምን? ውክፔዲያ ሲገን አበላሺዎች ጎረፉበት። እነሱን ለመከላከል የሌላውን ሥራ በአንድ ጠቅታ የሚሰርዙ መሣሪያዎችና ብዙ ደንቦች ተሠሩ። መሣሪያው ለአበላሺ ተሠርቶ በቅን ልብ የመጣውን ጀማሪም አብሮ መታው። ሰውየው ስለ መንደሩ አንድ አንቀጽ ጽፎ ይተኛል፤ ጠዋት ሲነሳ ተሰርዟል፣ ከሥሩ ማሽን የጻፈው ማስጠንቀቂያ አለ። ሁለተኛ አይመለስም። ማን ይመለሳል?

እነሱም ነቅተው እ.ኤ.አ. በ2012 ጀማሪዎች ያለ ፍርሃት የሚጠይቁበት፣ ሰው በደህና ቃል የሚመልስበት ቦታ ከፈቱ። ስሙን «ሻይ ቤት» አሉት። (የእኛ ሰው ቢሰይመው ቡና ይቀድም ነበር፤ ግን «ቡና ቤት» በአማርኛ የት እንደሚያደርስ እናውቃለን።)

አንተም የራስህ ሻይ ቤት ያስፈልግሃል። ለመላሾቹ ብቻ የሆነ ትንሽ ግሩፕ ክፈት። ስህተት እዚያ ይነገር፤ ያውም ራሱ የተሳሳተው ገብቶ ያርመው። ሌላ ሰው አያርምለት። ቀልድም ይኑርበት። ስለ ፈተና ብቻ የሚወራበት ቦታ ማንንም አያቆይም።

አሁን ትንሽ ልሟገትልህ። የወጣው ሁሉ በአንተ ጥፋት አልወጣም። በእኛ 2012 ሁለተኛ ዓመት የነበረ ልጅ ተመርቋል፣ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው፣ ወይም አግብቷል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ መላሾችህ ራሳቸው ተፈታኝ ሆኑ ማለት ነው። የግሩፑም ጠባይ ተለውጧል። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ሲነገር አገር ደነገጠ። የደነገጠ ተማሪ በትሕትና አይጠይቅም፤ «ቶሎ በሉ እንጂ» ነው የሚለው። ያንኑ ጥያቄ አርባ ሰው ይልከዋል። ሒሳብ ወድዶ የመጣ ልጅ አንድ ዓይነት መልስ አርባ ጊዜ ሲለጥፍ ሒሳቡንም ይጠላዋል። የተመለሱትን በየምዕራፉ ሰብስበህ አንድ ቻናል ላይ አኑር፤ ለተደጋገመ ጥያቄ ሊንኩን መስጠት የአንተ ሥራ ይሁን፣ የመላሾቹ አይሁን።

ወደ ዋናው ልግባ። አንተ ያቋቋምከው ደቦ ነው። የሰው ጉልበት፣ ያለ ክፍያ፣ ለአንድ ሥራ። ደቦ ግን ሥርዓት አለው። የጠራው ሰው አስቀድሞ ጠላውን ይጠምቃል፣ እንጀራውን ያዘጋጃል። ሥራው ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ይቺ ማሳ፣ ይቺ አጨዳ። ዘፈን አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይመሻል። ሲመሽ ማጭዱን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄደውን ሰው «ውለታ ቢስ» የሚለው አለ? ተመርቆ ነው የሚሄደው። በሌላ ጊዜ ሲጠሩት የሚመጣውም ለዚያ ነው።

የአንተ ደቦ ግን አይመሽም። አዲስ መላሽ ስታስገባ «እስከ መቼ ነው?» ለሚለው መልስ የለህም፤ እንዲያውም ጥያቄው አልተነሳም። መጨረሻ የሌለው ነገር ውስጥ የገባ ሰው የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መጥፋት። በክብር የሚወጣበት በር ስላላበጀህለት በአጥር ዘለለ። ከዚያ አንተ «ሳይሰናበት ሄደ» አልክ። መሰናበቻው የት ነበር?

ይሄን እኛ ከማንም መማር አያስፈልገንም ነበር። ጽዋ ማኅበር ለምን ዕድሜ ልክ ይቆያል? ተራ ስላለው ነው። የዚህን ወር ደጋሽ፣ የሚቀጥለውን ወር ተረካቢ ሁሉም ያውቃል። አንድ ሰው ብቻ በየወሩ ቢደግስ ማኅበሩ ዓመት አይሞላውም ነበር።

ስለዚህ ለሚቀጥለው መላሽ እንዲህ በለው፦ ሦስት ወር፣ በሳምንት ሁለት ማታ፣ ከምሽቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት። ተረኛ ካልሆንክ ግሩፑን ሚዩት አድርገው፤ ማንም አይወቅስህም። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ግሩፑ ላይ በስሙ አመስግነህ፣ ስንት ጥያቄ እንደመለሰ ጽፈህ፣ መርቀህ ሸኘው። መቀጠል ከፈለገ ራሱ ይናገር፤ አንተ አትለምነው። «ሦስት ወር ብቻ ብለው ሁሉም በሦስተኛው ወር ይሄዳሉ» ብለህ እንደምትፈራ አውቃለሁ። አሁንስ? በሁለት ወር እየሄዱብህ አይደል?

ምስጋናውን አትናቀው። ያና ጋሉስ የተባለች ተመራማሪ በጀርመንኛው ውክፔዲያ ላይ የሠራችው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ከ4 ሺህ የሚበልጡ አዲስ ጸሐፊዎችን ይዛ፣ በዕጣ ለተወሰኑት የእውቅና ምልክት እንዲሰጣቸው አደረገች። ገንዘብ የለውም፣ ዕቃም አይደለም፤ ስማቸው ከተሸላሚዎች ጋር መጻፉ ብቻ። በቀጣዩ ወር ሥራውን የቀጠሉት ካልተሸለሙት በ20 በመቶ በለጡ። ለአንዲት የምስጋና መስመር ጥሩ ትርፍ ነው።

አሁን የተናደድኩብህ ቦታ ላይ ደረስኩ። «እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እመልሳለሁ» ትላለህ፣ እንደ መሥዋዕት። ልፋትህን አልክድም። ግን ከሌላው ወገን እየው። ልጁ ከክፍል ወጥቶ፣ እራት በልቶ፣ ሁለት ሰዓት ላይ «እስቲ ዛሬ ልርዳ» ብሎ ይገባል። ያማሩት ጥያቄዎች በሙሉ በአንተ ተመልሰዋል። የተረፈው ማንም ያልፈለገው ነው። ሦስት ቀን እንዲህ ካገኘው «ያለ እኔም ይሄዳል» ይላል፤ ልክ ነው። ጠዋት ደግሞ «ሌሊቱን ሙሉ ብቻዬን ነበርኩ» የሚል መልእክትህን ያነባል። በአንድ በኩል ሥራውን ወሰድክበት፣ በሌላ በኩል ባለመሥራቱ ወቀስከው። ተኛ ወንድሜ። አንዳንድ ጥያቄ እስከ ማግስቱ ይደር፤ ማንም አይሞትም።

ማስታወቂያውን ደግሞ አለፍ ብለህ ነው የጠቀስከው፤ እኔ ግን ቆሜበታለሁ። «ለዳታ መሸፈኛ» ነው አልክ፣ አምንሃለሁ። መላሾችህ ግን ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ ያውቃሉ? እነሱ የሚያዩት በነጻ በሚያገለግሉበት ቤት የማስጠኛ ቤት ማስታወቂያ ተሰቅሎ ነው። ሒሳቡን ካላዩ በልባቸው ያሰሉታል፤ የልብ ሒሳብ ደግሞ ሁልጊዜ ያበዛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ኢንተርኔት በሰዓት ይከፈልበት በነበረ ጊዜ፣ አሜሪካ ኦንላይን የተባለው ኩባንያ የቻት ክፍሎቹን የሚጠብቁለት በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት። ተራ ገብተው ይሠራሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ፤ የሚያገኙት አገልግሎቱን በነጻ መጠቀም ነበር። ኩባንያው በቢሊዮን ሲቆጥር እነሱም ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከቀድሞዎቹ በጎ ፈቃደኞች አንዳንዶቹ «እኛ ሠራተኛ ነበርን» ብለው ከሰሱ። ነገሩ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። አንተን የሚከስህ የለም። ዝም ብለው ነው የሚሄዱት። የዕድር ገንዘብ ያዥ እንደሚያደርገው በየወሩ ገቢና ወጪውን ለመላሾቹ ለጥፍ፤ 800 ብርም ቢሆን። ከእሱም ለተረኞች የዳታ ጥቅል ግዛ።

ከዚህ ያለፈ ክፍያ ግን አልመክርህም። በመልስ ይህን ያህል ብር ማለት ከጀመርክ አብዛኛው ልጅ ብሩን ከሌላ ሥራ ጋር ያወዳድረዋል፤ በውድድሩ አታሸንፍም።

የማታውቀው ልጅስ? ጥሩ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የደከመ ሰው ቁልፍ ሲያስረክብ አያይም። ኤክስዚ የሚባል ፋይል የሚያሳንስ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብቷል። ለዓመታት የተንከባከበው ላሴ ኮሊን የተባለ ፊንላንዳዊ ነው፤ ብቻውን፣ ያለ ክፍያ። እ.ኤ.አ. በ2022 የማይታወቁ ሰዎች «ዘገየህ» እያሉ ሲወተውቱት፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበትና ሥራውም ደመወዝ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ እንደሆነ ጻፈላቸው። በዚያው ሰሞን ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ አንድ ትጉህ ረዳት ነበረው። ቀስ በቀስ ሥልጣኑን አገኘ። በመጋቢት ወር 2016 በእኛ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ. በ2024)፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኮምፒውተሩ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት ምክንያቱን ፍለጋ ገባ። ረዳቱ በፕሮግራሙ ውስጥ የሌባ በር ሠርቶበት አገኘው። ሰውየው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ያንተ ግሩፕ ያን ያህል የሚፈለግ አይደለም ትል ይሆናል። 11 ሺህ ለፈተና የተጨነቀ ተማሪ ግን «ፈተናው ወጥቷል፣ ብር ላኩ» ለሚሉ ሰዎች ጥሩ ገበያ ነው። ልጁን አታባርረው። እንደማንኛውም መላሽ ሦስት ወር ተራ ይግባ፣ በቪዲዮ ይታይ፣ ከነባሮቹ ጋር ይተዋወቅ። መሰረዝም መጨመርም የሚችል ሙሉ አድሚንነት ግን ገና ነው።

ልዝጋው ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ ዝጋው። ለክረምት። ፈተናው ካለቀ ማግስት ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ አባላት እንዳይጽፉ አድርግና ተኛ፣ ቤተሰብ ጠይቅ። ደቦው ይምሽ። መስከረም ላይ በሦስት ወር ተራ አዲስ መላሽ ጥራ፤ የቀድሞዎቹንም ጥራቸው። በር ሳያበጅ «ሳይሰናበት ሄደ» ያለ ሰው ጥሪ ስለሆነ፣ የማይመጡ ቢኖሩ አይግረምህ።

ከዚያ በፊት ግን ለልጅቷ ጻፍላት። ዛሬ፣ በውስጥ መስመር። አጭር ይሁን፦ «ሰላም። ያን ቀን ስህተቱን ላንቺ ብቻ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ሰው ፊት መጻፌ ልክ አልነበረም። ለመለስሽልን ሁሉ አንድም ቀን አላመሰገንኩሽም፤ አመሰግናለሁ።» ስንት እንደመለሰች ቆጥረህ ቁጥሩን ጨምርበት። «ግን» የሚል ቃል አታስገባ። «ተመለሺ»ም አትበላት። ሁለቱን የተነበበ ምልክት አይተህ መልስ ባይመጣ፣ ሁለተኛ አትጻፍ።